የኦቦ ዳቢሴ ዝናብ

ጎባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበርሽው፣ ለተፈራሽው፣ አዲስ አበባ ገብተሽ በመነጽር ለምታዪን የአጎቴ ልጅ ሰቢሪና፤

አሰላሙ ዓለይኩም። አከም ጅርታ? ነጋያዳ? ጤናሽስ? ወንበርሽስ እንዴት ነው? ይሽከረከራል አሉ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፣ ላሟ ደህና ናት፣ ጉሙም ደህና ነው። ከነጋ ጀምሮ በራችን ላይ ተኝቶ፣ እንደ ሩቅ ዘመድ አልነሳ ብሏል።

ደብዳቤው ስለዘገየ አፉ በይኝ። ጥፋቱ የጁሀራ ነው። እንደምታውቂው በየሳምንቱ ቅቤ ጭና ከሮቤ አዲስ አበባ የምትመላለሰው እሷ ናት፤ ፍላሹንም ደብዳቤውንም የምልክልሽ በሷ ነው። ባለፈው ሳምንት «ይሄ የመንግሥት ሚስጥር ነው፣ ፍተሻ ላይ ከያዙሽ ዋጪው» ብላት፣ ሴትዮዋ ፍላሹን ባንኮኒ ላይ ጥላው ሄደች። ዛሬ እየማልኩ ነው የሰጠኋት።

አሁን ለጥያቄዎችሽ። ደብተሮቹ ሠላሳ አንድ ናቸው፣ በዓመት አንድ። ኦቦ ዳቢሴ ከጎባ በላይ፣ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ዳር የቆመችውን የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ወጥተው ከፍተው፣ የተጠራቀመውን ውኃ በብርጭቆዋ ለክተው፣ ቁጥሩን ጽፈው ይወርዳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት። እኔ አንድ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት መመላለስ አቅቶኝ ነው የቀረሁት።

ተስማምተዋል ወይ ላልሽው፣ አዎ። አንቺ የጻፍሽልኝን እንዳለ አስረዳኋቸው። «አገሪቷ የምርምር ቤቷን እያሰናዳች ነው፤ ከዓለም አቀፉ የክፍት ሳይንስ መረብ ጋር ልትገናኝ ነው። ደብተርዎ ኮምፒውተር ላይ ተጽፎ ፍተሻውን ካለፈ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይገባል። ከዚያ በኋላ የትም አገር ያለ ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ከፍቶ ያነበዋል» አልኳቸው።

«ፈቃድ ሳይጠይቅ?»

«ሳይጠይቅ።»

«እጁን ታጥቦ ነው?»

«እሱን ሰቢሪናን እጠይቃለሁ።»

«ሲጨርስስ ከነበረበት ይመልሰዋል?»

«አይወስደውም ኦቦ። ያየዋል እንጂ።»

«እንደ ጨረቃ በለኛ» አሉ።

ከዚያ ደብተሩ የማይሻር ቋሚ ቁጥር እንደሚሰጠው ነገርኳቸው። «እኔ ስሞትስ?» አሉ። «እርስዎ ቢሞቱም ቁጥሩ አይሞትም» አልኳቸው። በማግስቱ ጋቢያቸውን አሳጠቡ። ሰቢሪ፣ ሰውዬው ልጅ የላቸውም፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ያላቸው ይሄ ደብተር ነው። እንዳይወድቅብን።

ለናሙና የጠየቅሽውን የ2016ን እና የ2017ን ብቻዬን በሁለት ጣቴ ጽፌ ልኬያለሁ። የቀረውን ከ1987 ጀምሮ እሳቸው ቤት ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እያንዳንዱን ገጽ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። «ሐምሌ ሦስት፣ አስራ አራት ሚሊ ሜትር» ስል ዓይናቸውን ጨፍነው «እ… ያን ቀን በረዶው የአያናን ገብስ አጋደመው» ይላሉ። አንዳንዴ የማነበው ቁጥር መሆኑ ይጠፋኛል። ሰው እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ የሚያየውን የምነግራቸው ይመስለኛል።

ቀድሜ በላክኩልሽ የደብተሩ ፎቶ ላይ «ሁለት ዓይነት ጽሕፈት አየሁ» ብለሻል። ዓይንሽ አይጣል ነው። ከግንቦት 10 እስከ ሰኔ 19 ያለው የኔ ነው። ኦቦ ዳቢሴ ለዓረፋ በእግራቸው ሼክ ሁሴን ወርደው አርባ ቀን ስለቆዩ፣ ቆርቆሮዋን አደራ የሰጡት ለኔ ነበር። ስለሱ ሌላ የሚባል ነገር የለም።

የሁልጊዜ ራስ ምታትሽ፣
ሻፊ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሻፊ፤

ወዓለይኩም ሰላም። ለእናትህ፣ ለላሟም ሰላምታዬን አድርስ። ወንበሬ ይሽከረከራል፤ ሰሞኑን ደግሞ ከኔ ጋር ክፍሉም እየተሽከረከረ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን ልንገርህ። የ2016 ፍተሻውን አልፏል። እዚህ ሁሉም ሰው እየተሯሯጠ ነው፤ አንዱ ጋ ትልልቆቹ ኮምፒውተሮች እየተተከሉ፣ አንዱ ጋ መስመር እየተዘረጋ፣ አንዱ ጋ የማን መረጃ በምን ቁጥር እንደሚጠራ እየተከራከሩ። እኔ የማደርገው ግን ቀላል ነው። ወደዚያ መረብ የምንልከው እውነት መሆኑን ማየት።

የ2017ን ስንፈትሽ ፕሮግራሙ ቀይ አበራ። ከግንቦት 10 ጀምሮ ዝናቡ በየአስር ቀኑ ራሱን ይደግማል ይላል። ያው አስር ቁጥር፣ በያው ተራ፣ አራት ጊዜ። እኔም ምን ዓይነት ደመና ነው ብዬ አስሩን ቁጥሮች ወረቀት ላይ በተራ ጻፍኳቸው። አጠገቤ የምትቀመጠው ሐመልማል ቡናዋን እየጠጣች አጎንብሳ አየችና «ሰቢሪና፣ ስልክ ቁጥርሽን ለማን ልትሰጪ ነው?» አለችኝ።

ሻፊ። ዜሮ፣ ዘጠኝ ብሎ የሚጀምር ዝናብ።

መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ሐመልማልን ቡናው ትን ብሏት ጀርባዋን መታንላት። ቀጥሎ ስልኩን አነሳሁ። አስር ጊዜ ደውዬልሃለሁ፣ አታነሳም። ቁጥሬን እንደማታውቀው እንዳትነግረኝ።

ጉዳዩ ይሄ ነው። የመረቡ ገምጋሚዎች ያልተለካ ቁጥር አርባ ቀን ተጽፎ ካገኙ፣ ስለ ሠላሳ አንዱም ዓመት ይጠራጠራሉ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እጠራጠራለሁ። ደግሞ ለኪው ራሳቸው «የተጻፈው ሁሉ የለካሁት ነው» ብለው የሚፈርሙት ወረቀት አለ። በሐሰት ልናስፈርማቸው ነው? አልሰማሁም እንዳትል፤ የመጨረሻው ቀን ታኅሣሥ 20 ነው።

ሰውዬው ያውቃሉ? እሱን ብቻ መልስልኝ።

ሰቢሪና

ጎባ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፣ ለምትዘንቢው፤

አያውቁም።

ቀድሜ የመለስኩት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድታነቢው ነው። ስልክሽን ያላነሳሁት ጉሙ ኔትወርኩን ስለበላው ነው ልል ነበር። አልበላውም። ሲጠራ አየዋለሁ፣ ስምሽ ይበራል፣ ይጠፋል።

ጁሀራ «ሰቢሪና ለምን እንደዛ እንዳደረግህ ትጠይቃለች፣ ስትጠይቅም ፊቷ ልክ አልነበረም» አለችኝ። እሺ፣ ለምን።

የመጀመሪያውን ቀን ወጥቻለሁ። ወላሂ ወጥቻለሁ። ጉሙ የራሴን እጅ ደብቆኝ ነበር፤ እግሬ የሰው እግር ይመስል ከታች ብቻውን ይራመዳል። ሳቶ ዛፎቹ ፂም የመሰለ የዛፍ ሽበታቸውን አንጠልጥለው መንገድ ዳር እንደ ሽማግሌ ተደርድረዋል። ደርሼ ቆርቆሮዋን ስከፍት ደረቅ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ተቀምጬ ለብቻዬ ሳቅኩ። ይሄን ሁሉ ዳገት ለዜሮ? ማን ሊያነበው? ኦቦ ዳቢሴ ይጽፋሉ፣ ደብተሩ ሳጥን ይገባል፣ ሳጥኑ ይቆለፋል። እዚያ ሳጥን ውስጥ የኔ ቀልድ ቢተኛ ማንን ይቀሰቅሳል? አልኩ። በማግስቱ ከብርድ ልብሴ ሳልወጣ «ከዜሮ ቀጥሎ ማነው?» ስል የመጣልኝ ስልክሽ ነው። በቃሌ የምይዘው ቁጥር እሱ ብቻ ስለሆነ አትቀየሚ።

አንድ ቀን ሳጥኑ እንደሚከፈት ማን ነገረኝ?

ሰሞኑን ሕልም አያለሁ። ቆርቆሮዋ ጋ ቆሜያለሁ። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል፣ ድምፅ የለውም። ጉሙ ውስጥ ብዙ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቢጫ፣ ሁሉም እጃቸውን ታጥበው እያንጠባጠቡ። ተራቸውን ይጠብቃሉ። ቆርቆሮዋን ስከፍት ውስጧ ስልክ ይጠራል። አንቺ ነሽ። እዚያም አላነሳሁም።

ሦስት መላ አለኝ። አንደኛ፣ የሮቤን ዝናብ ወስደን ተራራ ስለሆነ ትንሽ ጨመር ማድረግ። ሁለተኛ፣ አይጥ ያን ገጽ በላው ማለት፤ አይጧን እኔ አሳምናታለሁ። ሦስተኛ፣ ወረቀቱን ሳላነብላቸው ማስፈረም። ዓይናቸው እንደሆነ አያይም።

ሦስተኛውን ጽፌ ሳየው ደስ አላለኝም። ግን አልሰርዘውም፤ እዚህ ደብዳቤ ላይ ምንም አልሰርዝም።

ንባቡ 2006 ላይ ደርሷል። በየቀኑ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረን ነው የምናቆመው። «ፍጠን እንጂ፣ ወደ ዘንድሮ አድርሰኝ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሆን ብዬ ቀስ እላለሁ። ትናንት «ምነው ሻፊ፣ ፊደል ጠፋብህ?» አሉኝ።

ሻፊ

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሻፊዬ፤

አጭር ስለምጽፍ ይቅርታ፤ በሩ ላይ ጁሀራ ቆማ «ቅቤው ቀለጠ» እያለች ነው።

አንደኛው መላህ ስርቆት ነው፤ የሮቤ ዝናብ የሮቤ ነው። ሁለተኛው ለአይጧም ነውር ነው። ሦስተኛው ላይ አንተው ራስህ ፈርደሃል።

እኔም የደበቅኩህ ነገር አለ። ያ ደብተር እጩዎቹ ውስጥ የገባው እኔ ስብሰባ ላይ ተነስቼ «ሰውዬውን አውቃቸዋለሁ፣ ለዚህ ደብተር ዋስ ነኝ» ብዬ ነው። ከዚያ ከፍታ የመጣ ይህን ያህል ዓመት ያልተቋረጠ ልኬት እኛ እጅ ላይ ሌላ አልነበረም። ሁሉም አጨበጨቡ። አሁን በኮሪደሩ ሳልፍ ግድግዳ ይዤ ነው።

እኔ ራሴ አርባውን ቀን በአንድ ጣት ላጠፋው እችላለሁ። ማንም አያየኝም። ግን በር ክፈቱ እያልን አገር እያስጨነቅን፣ እኛው ከጓዳ ስንደልዝ ያምራል?

የፊርማውን ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ንገራቸው። ከዚያ አንብብላቸው፣ ከላይ እስከ ታች። ፈርመው እስከ ታኅሣሥ 15 ካልደረሰኝ ደብተሩን በራሴ እጅ አወጣዋለሁ፤ ለምን እንዳወጣሁትም ለስብሰባው እናገራለሁ። ከዚያ ቋሚ ቁጥሩን ለሌላ ይሰጡታል።

አትፍራ ልልህ ፈልጌ ነበር። እኔም ፈርቻለሁ።

ሰቢሪና

ጎባ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፤

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ። ሁላችንም አለን።

ጁሀራ ባለፈው ባዶ እጇን የመጣችው፣ እኔ በዚያን ሳምንት ኦቦ ዳቢሴ ደጅ ቆሜ ስለነበር ነው። እንዲህ ሆነ።

ለናሙና ቀድሜ የላክኩትንም አንብብልኝ ስላሉ 2017 ላይ ደረስን። ከሰዓት ነበር፤ ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ ደብተሩ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። «ግንቦት አስር፣ ዜሮ» አልኩ። «ግንቦት አስራ አንድ…» አልኩና አቆምኩ።

«ምነው፣ ጽሕፈቱ አይነበብም?»

«ጽሕፈቱ የኔ ነው ኦቦ።»

«እንግዲያው እንዴት ይነበባል?»

ይቀልዱብኛል፣ ሰቢሪ! በዚያ ሰዓት! እኔ ዕድሜ ልኬን በሰው ስቀልድ፣ ተራው ሲደርሰኝ መሳቅ አቃተኝ። ነገርኳቸው። ከብርድ ልብሱ ጀምሬ፣ ሁሉንም።

«የማን ስልክ?» አሉ።

«የሰቢሪና።»

«የዚያች ጨዋ ልጅ?»

ደብተሩን ከጭኔ ላይ አነሱ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ ትራሳቸው ስር ከተቱት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሦስት ቀን በራቸውን አልከፈቱልኝም። በሦስቱም ጠዋት ቆርቆሮዋ ጋ ወጥቼ እየለካሁ፣ ቁጥሩን በራቸው ስንጥቅ ተናግሬ እመለስ ነበር። «ዜሮ ነው ኦቦ።» «ዛሬም ዜሮ ነው ኦቦ፣ ግን ውርጩ ብርጭቆዋን ነጭ አድርጓታል።»

በአራተኛው ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ተቀመጥ። ጻፍ» አሉ። «ግንቦት አስራ አንድ፣ አልተለካም።»

ጻፍኩ።

«በአፍህም በል።»

«ግንቦት አስራ አንድ፣ አልተለካም።»

«ግንቦት አስራ ሁለት።»

«አልተለካም።»

እንዲህ እያልን እስከ ሰኔ አስራ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ። መጀመሪያ አፈርኩ። አስር ላይ ስንደርስ አለቀስኩ፤ ለማንም አትንገሪ። ሃያውን ስናልፍ ቃሉ ተደጋግሞ እንደሚባል ዚክር ሆነ፣ እኔ ልበል እሳቸው ይበሉ ጠፋኝ፤ ያ ያልለካሁት ዝናብ አንድ በአንድ እየመጣ ቤቱ ውስጥ ሳይረግፍ አየር ላይ የሚቆም መሰለኝ። ሲያልቅ «ግንቦት አስርስ?» አልኳቸው። «ወጥቼ ነበር ብለሃል።» «ወጥቼ ነበር።» «እንግዲያው እሷን ተዋት።»

ከዚያ የላክሽውን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። «የተጻፈው ሁሉ በእጄ የለካሁት እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ።» እስክሪብቶውን ሰጠኋቸው። እጃቸው ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

«2001ን አምጣው» አሉ። «ሚያዝያ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ምን ይላል?»

«ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።»

«ዘንቦ ነበር» አሉ።

ሰቢሪ፣ እኛ ሕፃናት ስለነበርን አናስታውሳትም፤ ኦቦ ዳቢሴ ሚስት ነበራቸው፣ አዴ ሞሚና የምትባል። ሚያዝያ ስድስት ነው የቀበሯት።

«ጉድጓዱ ውኃ እየያዘ አስቸገረን» አሉ። «ሰዉ ሁሉ በስብሷል። ሦስቱን የለቅሶ ቀን ከቤት አልወጣሁም። በአራተኛው ወጣሁና ቆርቆሮዋ ሞልታ ሳለ ሳልለካ ደፋኋት። ለሦስቱም ዜሮ ብዬ ጻፍኩ።»

«ለምን ኦቦ?»

«ዘነበ ብዬ ብጽፍ መቀበሯም እውነት ይሆን ነበር።»

ጭጋጉ እንኳ ሰምቶ መሰለኝ ከመስኮቱ ሸሸ። ቀጥለው «ሰው በኔ ዜሮ ገብስ ሊዘራ ይችላል። ዜሮ ማለት ወጥተህ አይተህ ባዶ ሲሆን ነው። አንሳው። አልተለካም በል። ምክንያቱንም ጻፍ» አሉኝ።

«ምን ብዬ?»

«ለኪው ለቅሶ ላይ ነበር በል።»

ከዚያ ወረቀቱ ላይ «ካልተለካው በቀር» የሚል ቃል በገዛ እጃቸው ጨምረው፣ ዓይናቸው እንዳለማየቱ በጣም ቀጥ ያለ ፊርማ ፈረሙ።

በፍላሹ ውስጥ ሁሉም አለ። አርባ ሁለት ባዶ ቀን። የኔውን ምክንያት «ተተኪው ለኪ ሻፊ ወደ ቦታው አልወጣም» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ እንዳታሳምሪው። ከወደቀ ዜናውን ራሴ አነብላቸዋለሁ።

ሻፊ

አዲስ አበባ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሻፊ፤ በኦቦ ዳቢሴ ፊት እንዲነበብ፤

ክቡር ኦቦ ዳቢሴ፣ ጤናዎን አላህ ይጠብቅልኝ። እጅዎን እስማለሁ። ዜናውን ለማዘግየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በዓይኔ ሳላይ መጻፍ አልፈለግኩም።

ደብተርዎ አልፏል። ስብሰባው ላይ «ይውጣ» ያሉ ነበሩ። ተነስቼ አርባ ሁለቱን ባዶ ቀኖች ከነምክንያታቸው አነበብኩላቸው፤ የራሴን ስልክ ቁጥር ሳይቀር ነገርኳቸው፤ አፈርኩ፣ ግን ሳቁ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር «ይህ ሰው ያልለካውን አልለካሁም ካለ፣ የለካሁት ያለውን አምነዋለሁ» አሉ። በዚያው አለቀ። ቋሚ ቁጥሩ ከዚህ ወረቀት ጀርባ ተጽፏል። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ዝናብዎ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው።

ሻፊ፣ አንተ ደግሞ እንኳን ደስ ያለህ፤ ያልወጣኸው ዳገት ዓለም አቀፍ ሆኗል።

አንድ ነገር ቀረ። ከተከፈተ በሦስተኛው ቀን መልእክት መጣ። ከምን አገር እንደሆነ ሐመልማል ካርታ ላይ ነው ያሳየችኝ፤ እሷም እንደ እርስዎ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ዝናብ የምትለካ ሴት ናት። እንዳለ ተርጉሜዋለሁ፦ «የናንተን ዝናብ ከእኛ ጋር ላስተያይ ነው የከፈትኩት። እነዚያ ሦስት ቀኖች ጋ ስደርስ ማስታወሻውን አነበብኩና ሥራዬን አቆምኩ። ለኪውን በጣም አዝኛለሁ በሉልኝ።»

ምን ብዬ ልመልስላት?

ሰቢሪና

ጎባ፣ ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሰቢሪና፤

ጁሀራ መኪናው ላይ ስለሆነች ቶሎ ልጻፈው።

አነበብኩላቸው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ስለ ፕሮፌሰሩ ሳነብ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቋሚ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሴትየዋ ጋ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ።

«ሞሚናን አውቃ ነው?»

«አይ ኦቦ። ደብተሩ ላይ አንብባ።»

«እስከ ዛሬ ስንት ዓመት ሆነ?»

«አስራ ሰባት ሊሆን ነው።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከጎናቸው ያለችውን ባዶ በርጩማ በእጃቸው ፈልገው አገኟት፣ አቧራዋን ጠረጉ፣ ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አደረጓት። እኔ ለመቀለድ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

መልስ ስጪያት። ያሉት ይሄን ነው፦ «ለቅሶ ደርሳለች። ከሩቅ ነው የመጣችው፣ ግቢ በሏት።»

ሻፊ